የመስታወቱ ቤትና ቡና መፍጫው

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቡና የሚያደርቅ ሰው ዓይኑ ከሰማይ አይነቀልም። እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ አዛዡ ፀሐይ ነው። ረፋዱ ላይ ብራ ይሆናል፤ ቡናው በእጅ እየተገላበጠ ጥቁሩና የተሰበረው ይለቀማል። ከጫካው ጀርባ ደመና ሲጠቁር ደግሞ ሁሉም ላስቲክ ይዞ ይሮጣል። አንድ ቀን እንዲሁ ሮጠን፣ አልጋዎቹን አልብሰን፣ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለን ሳለ ከለቃሚዎቹ አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፊልም ከፈተልን። ጨረቃ ናት። የሰው ፊት አላት፤ እየቀረበች፣ እየቀረበች ትመጣና አንድ ዓይኗ ላይ ትልቅ ጥይት ይሰካባታል።

«ድምፁን ጨምረው እንጂ» አሉት አጠገቡ የቆሙ እናት።

«ድምፅ የለውም፣ እማማ» አላቸው።

ፊልሙ የተሠራው በ1902 ነው። የሠራው ሰው እንደ እኛው ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚውል፣ ደመና በመጣ ቁጥር ሥራው የሚቆምበት ሰው ነበር። ካሜራውንም «ቡና መፍጫ» እያለ ይጠራት ነበር። ስሙ ዦርዥ ሜልየስ፣ የድርጅቱ ስም ስታር ፊልም ነው። ያን ድርጅት እንዴት አድርጎ እንዳቆመውና የደከመበትን ሁሉ እንዴት በገዛ እጁ እንዳቃጠለው ካወቅሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተነሳሁ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ሜልየስ በ1861 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ቦት ጫማ እየሠራ የበለጸገ የፋብሪካ ባለቤት ነበር። ይህን የጫማ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ። ልጁ ሥዕል መማር ቢመኝም አባትየው አልፈቀደም። በ1884 ሥራ እንዲለምድ ወደ ለንደን ተላከ፤ እዚያ ልቡን የወሰደው ግን «ኢጅፕሺያን ሆል» የሚባለው የምትሃት ትርኢት ቤት ነበር። ሰው በአየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ራስ ከአንገት ተለይቶ ሲናገር አየ። ሲመለስ በአባቱ ፋብሪካ ማሽኖቹን የሚከታተል ሆነ። ብረት መፍታትና መግጠም እዚያ ለመደ፤ ያ ሙያ ባይኖረው የኋላው ታሪክ ባልኖረ ነበር። በ1888 አባቱ ሥራ ሲያቆም ሜልየስ የፋብሪካውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጠ፤ ሚስቱ ዩጄኒ ከቤቷ ይዛ የመጣችውን ሀብት ጨመረበትና ቴአትር ሮቤር ኡዳን የተባለውን የምትሃት ቤት ገዛ። 200 ገደማ ሰው የሚይዝ ጠባብ አዳራሽ ነው። ያለማቋረጥ አዳዲስ ትርኢት እየፈጠረ ሰባት ዓመት ሠራበት።

ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ግራን ካፌ በሚባል ቡና ቤት ምድር ቤት፣ የሉሚዬር ቤተሰብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበር፤ ከፍሎ የገባው ሰው 33 ብቻ። ሲኒማ ለሕዝብ የተከፈተው ቡና በሚጠጣበት ቤት ሥር መሆኑ የቡና አገር ሰው ለሆንኩት ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው። ሜልየስ ተጋብዞ ነበርና አየ፤ እዚያው 10,000 ፍራንክ ልክፈልና መሣሪያውን ሽጡልኝ አለ። ከእሱ የሚበልጥ ዋጋ ያቀረቡም ነበሩ። ሉሚዬሮች ለማንም አልሸጡም።

ሜልየስ ተስፋ አልቆረጠም። ለንደን ሄዶ ሮበርት ፖል ከሚባል መካኒክ ፊልም ማሳያ ገዛ፤ አድዋ ላይ ድል ከተገኘ ወር ቢሆነው ነው፣ በአፕሪል 1896 በቴአትሩ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ያ አልበቃውም። ማሳያውን ፈታታውና አሠራሩን ገልብጦ መቅረጫ አደረገው። ከብረት የተሠራች፣ ከባድ፣ እጀታዋ ሲዞር የምትጮኽ ካሜራ ወጣችለት። «ቡና መፍጫ» ያላት ስለ ጩኸቷ ነው፤ አንዳንዴም «መትረየስ» ይላታል። እጀታውን በእኩል ፍጥነት ማዞር ግድ ነው፤ እጅ ከደከመና ከዘገየ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ይሮጣል። ቡና የፈጨ ሁሉ ይህን የእጅ ልክ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት፣ ራሱ እንደተረከው፣ በፓሪስ የኦፔራ አደባባይ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሲቀርጽ ቡና መፍጫዋ ፊልሙን ነከሰችና ቆመች። ፊልሙን እስኪያላቅቅ አንድ ደቂቃ ያህል አለፈ፤ ከዚያ ካቆመበት ማዞሩን ቀጠለ። በኋላ ፊልሙን ሲያየው ደነገጠ፤ ሰው የጫነው ሠረገላ በአንድ አፍታ የሬሳ ሠረገላ ሆኗል፣ ወንዶቹም ሴቶች ሆነዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙ ተበላሸ ብሎ ይጥለው ነበር። ምትሃተኛው ግን ምን እንዳገኘ ወዲያው ገባው። ካሜራ ይቆማል፣ አንዱ ነገር ይነሳል፣ ሌላው ይተካል፣ ካሜራ ይቀጥላል፤ ተመልካቹ መሃል ላይ የጠፋውን ጊዜ አያየውም። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ ጨርቁን ሲገልጥ አጠፋት፤ በቦታዋ አፅም ተቀመጠ፤ ቀጥሎ እሷኑ መለሳት። ሴትዮዋ ዣን ዳልሲ የተባለች የቴአትሩ ተዋናይ ናት። እሷም ትመለሳለች።

ዓመቱ ሳያልቅ፣ ሌሊት ወፍ ዞራ ሰይጣን የምትሆንበትን አጭር ፊልም ሠራ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስናመጣው «የሰይጣን ቤት» ከማለት ብዙ አይርቅም። የእኛ ሰው አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ያወጣለት ስም ይኸው ነው፦ የሰይጣን ቤት። ይህ ስም ሲነሳ የአባቶቻችን አለማወቅ ማስረጃ ተደርጎ ሲተረት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ጨለማ ክፍል ውስጥ በግድግዳ ላይ የሌለ ሰው ሲመላለስ ማየት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ሜልየስ ራሱ በፊልሙ ርዕስ ተናግሯል።

በ1897 መጀመሪያ ግድም ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለችው ሞንትረይ፣ በቤተሰቡ የአትክልት ቦታ ላይ፣ የመስታወቱ ቤት ቆመ። ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር፤ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት። የመድረኩን ልክ የወሰደው ከቴአትር ሮቤር ኡዳን ነው። በዚያው ዓመት በእኛ ወገን የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው የካፋ መንግሥት አበቃ፤ ይህ የደቡብ ምዕራብ ቡና ምድርም አንድ በአንድ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ዘመኑን ለመያዝ ያህል ነው።

መስታወቱ የበዛው ለብርሃን ነው። በዚያን ጊዜ ለፊልም የሚበቃ የመብራት ኃይል ስላልነበረ ያለ ፀሐይ ሥራ የለም። አብዛኛው መስታወት ሻካራ ነበር፤ ጨረሩ በቀጥታ ወርዶ የጠቆረ ጥላ እንዳይጥል ያለዝበዋል። ነገሩ የቡና አልጋ ላይ ከሚዘረጋው ጥላ መረብ ጋር አንድ ነው፤ ፀሐይ ይፈለጋል፣ ግን ሲበዛ ይጎዳል። ደመና መጥቶ ሲሄድ አንዱ ሥዕል ይጠቁራል፣ ቀጣዩ ይነጣል፤ ስለዚህ ተዋናዮቹ በልብሳቸው፣ በጢማቸው፣ በቀንዳቸው እንደቆሙ ደመናው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። የዘመኑ ፊልም ቀይን ጥቁር፣ ሰማያዊን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይ መድረኩ፣ ልብሱ፣ ሳህኑ፣ በመጋረጃው ላይ የተሣለው ዛፍ ሁሉ በግራጫ ቀለም ይቀባ ነበር። እንግዳ ቢገባ ሙሉ ዓለም አመድ የተነፋበት መስሎት ይደነግጥ ነበር።

የሜልየስ ቀን ረጅም ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሞንትረይ ይደርሳል፤ መጋረጃ ይሥላል፣ እንጨት ያስቆርጣል፣ የዘንዶ ራስ ከወረቀት ይሠራል። ከቀኑ 11 ሰዓት ልብስ ቀይሮ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ 12 ሰዓት ላይ በቴአትሩ ቢሮ እንግዳ ይቀበላል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ትርኢት ይጀመራል። ትርኢቱ እየሄደ እሱ ጥግ ላይ ሆኖ ለነገው መድረክ ንድፍ ይሥላል፤ ከዚያ ሞንትረይ ተመልሶ ያድራል። ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋጀውን አርብና ቅዳሜ ይቀርጻል። ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ አናጺው፣ አዘጋጁ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዋናው ተዋናይ እሱ ነው።

በ1898 ራሱን ከአንገቱ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሌላ የሚበቅልለት፣ ያንንም የሚያነሳ ሰው ሆኖ ተሠራ። በ1900 ሰባት ሙዚቀኛ ሆኖ አንድ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ይህ እንዴት ሆነ የሚል ካለ እንዲህ ነው፦ ከጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይዘረጋል፤ ጥቁር ፊልሙ ላይ አይጻፍም። አንዱ ሙዚቀኛ ይቀረጻል፤ ፊልሙ በካሜራዋ ውስጥ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ሜልየስ ወንበር ቀይሮ እንደገና ይቀመጣል፤ በዚያው ፊልም ላይ እንደገና ይቀረጻል፤ እንዲህ ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ላይ ቢያስነጥስ ስድስቱም ጠፉ። የትኛው ሙዚቀኛ በየትኛው ቁጥር ላይ ወደ የት እንደዞረ እየቆጠረ በቃሉ ይይዝ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ያ ሰው በጣቱና በትዝታው ሠርቶታል፤ ባሰብሁት ቁጥር ይገርመኛል።

በ1899 ፈረንሳይን ለሁለት የከፈለውን የድሬይፉስን ጉዳይ ሠራ፤ በዚያው ዓመት «ሲንደሬላ» ትልቅ ገበያ አገኘችለት። የጥቁር ኮከብ ምልክቱም በየአገሩ ታወቀ።

1902 መጣ። በለንደን የኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጫን ነው፤ ከእኛ አገር ልዑል ራስ መኮንን ለበዓሉ ተልከው ሄደዋል። ዘውዱ የሚጫንበት የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ማስገባት አይቻልምና፣ ቻርልስ ኧርባን የሚባል የለንደን ነጋዴ ሥነ ሥርዓቱን ሜልየስ ሞንትረይ ላይ እንዲሠራው አዘዘ። ሜልየስ የዌስትሚንስተርን መድረክ በመጋረጃ ሥሎ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚሠራ መልኩ ንጉሡን የሚመስል ሰው ፈልጎ አነገሠው። ንጉሡ ታመሙና በዓሉ ከጁን ወደ ኦገስት 9 ተሻገረ፤ ፊልሙ ተጠናቅቆ ቀኑን ሲጠብቅ ቆየ። ኦገስት 9 ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት ምሽት በለንደን አልሃምብራ ቴአትር ታየ። ዘውዱ ከመጫኑ በፊት የተጫነበት ፊልም ነው።

በዚያው በጋ የመስታወቱ ቤት ውስጥ ጨረቃ ትሠራ ነበር። «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ሦስት ወር ፈጀ፤ ወጪው 10,000 ፍራንክ ደረሰ። ሉሚዬሮች ለመሣሪያቸው ያልተቀበሉት ገንዘብ ይኸው ነበር። 260 ሜትር ፊልም ነው፤ 14 ደቂቃ ገደማ፤ አብዛኛው ፊልም አንድና ሁለት ደቂቃ በነበረበት ጊዜ። የጨረቃ ነዋሪዎቹ ፎሊ ቤርዠር የሚባለው ትርኢት ቤት አክሮባቶች ናቸው፤ በጃንጥላ ሲመቱ ጭስ ሆነው ይጠፋሉ። የጨረቃዋ መቅረብም ጥበብ አለበት። ከባዷ ቡና መፍጫ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም፤ ወደ ካሜራዋ እየተገፋ የመጣው ተዋናዩ ነው።

ጥቁርና ነጩ ቅጂ 560 ፍራንክ፣ ባለ ቀለሙ 1,000 ፍራንክ ይሸጥ ነበር። የቀለሙ ነገር ብቻውን ታሪክ ነው። ፓሪስ ውስጥ ኤሊዛቤት ቱዪዬ የምትባል ሴት ከሁለት መቶ በላይ ሴት ሠራተኞች ነበሯት። እያንዳንዷ አንድ ቀለም ብቻ ይዛለች፤ አንዷ የቀሚሱን ቀይ፣ አንዷ የእሳቱን ብጫ። ሥዕሉ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ በቀጭን ብሩሽ ነክተው ለቀጣዩ ያልፋሉ፤ እንዲህ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል። መጋዘን ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶቻችንን ያየ ሰው ያን አዳራሽ ለመገመት አይቸገርም። ፊልሙን ያየው ሕዝብ የሜልየስን ስም ቢያውቅ ነው፤ የእነሱን ግን ማንም አልጻፈውም።

ጨረቃዋ ዓለምን ዞረች፤ አሜሪካ ላይ ግን ገንዘቡ ለሜልየስ አልደረሰም። የኤዲሰን ድርጅት ቅጂ አባዝቶ ሸጠ፤ የፊላደልፊያው ሉቢን ደግሞ ርዕሱን «ጉዞ ወደ ማርስ» ብሎ ቸረቸረው። የዚህ አካባቢ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ጌሻን ያስባል። በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በእንግሊዝ ቆንስላ በኩል ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሄደ፤ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ተተከለ፤ በ2004 የፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ በዋጋው ዓለምን አስደነቀ። ስሙ ዛሬም ጌሻ ነው፤ ገንዘቡ ግን የተከሉት ነው። ሜልየስ ቢያንስ ሮጠ። በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ኒውዮርክ ልኮ ቅርንጫፍ አስከፈተ፤ በሁለት ካሜራ ጎን ለጎን እየቀረጸ አንዱን ነጋቲቭ ለወንድሙ ይልክ ጀመር። ኮከቡንም መድረኩ ላይ እያስቀመጠ ቀረጸው፤ የሰረቀ እንዲታወቅ።

ከ1903 እስከ 1907 ያሉት የስታር ፊልም ወፍራም ዓመታት ናቸው። የተረት መንግሥት፣ በፀሐይ አፍ ውስጥ የሚገባ ባቡር፣ ከባሕር በታች ያለ ዓለም። በ1907 ሁለተኛ ስቱዲዮ አቆመ። ከላይ ሲታይ ቤቱ የሚያድግ ይመስል ነበር።

ውድቀቱ የገባው በገበያው በር ነው። ሜልየስ ፊልሙን በሜትር ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ በብዛት ከገበያ ገበያ ድንኳን እየተከሉ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው፤ ገዝተው፣ እስኪበጣጠስ አሳይተው፣ አዲስ ሲፈልጉ ይመለሳሉ። ፓቴ የሚባለው ድርጅት ግን በ1907 መሸጡን ትቶ ማከራየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በቋሚ ሲኒማ ቤት በየሳምንቱ አዲስ ነገር የሚጠይቅ ሕዝብ መጣ፤ ፓቴ ደግሞ ብዙ አዘጋጆች፣ ብዙ ስቱዲዮዎች፣ የራሱ ፋብሪካ ነበሩት። በዛፉ ሥር ቆሞ በእጁ የሚለቅም ገበሬ በሜካናይዝድ እርሻ ፊት ሲቆም ማለት ነው። በ1908 አሜሪካ ውስጥ በኤዲሰን ዙሪያ በተሰባሰበው ማኅበር ውስጥ የገባው ስታር ፊልም በየሳምንቱ 1,000 ጫማ ፊልም የማቅረብ ግዴታ ተጣለበት። ሰባት ጊዜ ወንበር እየቀየረ ራሱን የሚቀርጽ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

በፌብሩዋሪ 1909 የአውሮፓ ፊልም ሠሪዎች ፓሪስ ላይ ጉባኤ አደረጉ፤ ሊቀመንበሩ ሜልየስ ራሱ ነበር። ጉባኤው ፊልም ከእንግዲህ አይሸጥም፣ ለአራት ወር ይከራያል ብሎ ወሰነ። ድንኳን ተካዮቹ ደንበኞቹ በዚያ ውሳኔ ተገፉ። እሱ ደስ አላለውም፤ ግን የመራው ጉባኤ ነው፤ የገዛ መሬቱን ድንበር ሲለካ የዋለ ሰው ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ለወራት ምንም ሳይሠራ ቆየ።

ጋስቶን በበኩሉ አሜሪካ ላይ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1910 ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ የስታር ፊልም ራንች አቁሞ የካውቦይ ፊልም ያመርት ጀመር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ዞረ። በ1912 ቤተሰብና ተዋናይ ይዞ በመርከብ ወደ ታሂቲ፣ ኒውዚላንድ፣ ጃቫ፣ ካምቦዲያ፣ ጃፓን ሄደ። የሐሩሩ ሙቀትና እርጥበት ብዙ ፊልሙን አበላሸው፤ ኪሳራው 50,000 ዶላር ደረሰ። የአሜሪካውን ቅርንጫፍ ሸጠ፤ ከወንድሙ ጋርም ሳይታረቅ በ1915 ኮርሲካ ላይ አረፈ።

በ1911 ሜልየስ ከፓቴ ገንዘብ ወሰደ፤ መያዣው የሞንትረይ ቤቱና ስቱዲዮው ነበር። በዚያ ገንዘብ ዓይኑ የሚንቀሳቀስ፣ ሰው የሚውጥ የበረዶ ግዙፍ ሠርቶ «የዋልታው ድል»ን በ1912 አወጣ። ግዙፉን በውስጡ ሆነው በገመድና በዘንግ የሚያንቀሳቅሱት ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ የዘመኑ ሕዝብ ግን አልመጣለትም። አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ሜዳ ላይ ወጥተው እውነተኛ ፈረስ፣ እውነተኛ ባቡር እየቀረጹ ነበር፤ በመጋረጃ ላይ የተሣለ በረዶ ጊዜው አልፎበታል። ፓቴ ቀጣዮቹን ፊልሞች በሌላ ሰው እጅ አስቆረጠበት። በ1913 ውሉ ፈረሰ፤ በሜይ ሚስቱ ዩጄኒ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ሜልየስ ፊልም አልሠራም። የሠራቸው 520 ያህል ነበሩ።

ፓቴ መያዣውን ወዲያው ያልወሰደው ጦርነት ስለመጣ ነው። በ1914 የዕዳ ማስከፈል በሕግ ታገደ። በ1917 የፈረንሳይ ጦር ዋናውን ስቱዲዮ ለቁስለኞች ሆስፒታል አደረገው፤ ብርሃን የሚፈለግበት የመስታወት ቤት ሕሙማን ተኙበት። ጦሩ ከስታር ፊልም ቅጂዎች ከ400 በላይ ወሰደ። በፊልሙ ላይ የነበረው የብር ማዕድን ተለይቶ ወጣ፤ ሴሉሎይዱ ቀልጦ የጫማ ተረከዝ ተሠራበት። የጫማ ሠሪው ልጅ ከአባቱ ፋብሪካ ሸሽቶ የሠራው ሥራ ተረከዝ ሆኖ ተረገጠ። ሜልየስና ልጆቹ ሁለተኛውን ስቱዲዮ ቴአትር አድርገው እስከ 1923 እየዘፈኑ፣ እየተወኑ ኖሩበት።

በ1923 ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። ቴአትር ሮቤር ኡዳን ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። ፓቴ ሞንትረይን ተረከበ። ሜልየስ ነጋቲቮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ የሚገዛውም የለም። በአትክልቱ ቦታ አወጣቸውና ለኮሳቸው። የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ የሚነድ ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ አይቃጠልም። ስድሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው የሃያ ስድስት ዓመት አትክልት ቦታው ላይ ቆሞ ያን እሳት ሲያይ አስባለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ልጽፈው አልችልም።

በ1925 ያቺን በ1896 አጥፍቶ የመለሳትን ዣን ዳልሲን አገባ። ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ከረሜላና መጫወቻ ትሸጥ ነበር። እሱም አብሯት ተቀመጠ። በብርድ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ባቡር ለሚጠብቅ ልጅ ከረሜላ እያቀበለ። በ1926 የሲኒማ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ሌዮን ድሩዎ በዚያ ሲያልፍ ስሙን ሰምቶ አወቀው። ወሬው ተሰራጨ። ዣን ሞክሌር የሚባል ሰው ከአንድ የገጠር ቤት የወተት ማከማቻ ውስጥ የተቀመጡ የድሮ ቅጂዎችን አገኘ፤ በዲሴምበር 1929 ፓሪስ፣ ሳል ፕሌዬል ላይ ስምንቱ ለሕዝብ ታዩ። ሜልየስ በአዳራሹ ነበር፤ ከሕይወቱ ደማቅ ጊዜያት አንዱ እንደነበር ተናግሯል። በ1931 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ደረቱ ላይ ያጠለቀለት ሉዊ ሉሚዬር ነው፤ መሣሪያውን አንሸጥም ካሉት ከሉሚዬሮች አንዱ።

በ1932 ኦርሊ በሚገኘው የሲኒማ ሠራተኞች የጡረታ ቤት ከሚስቱና ከልጅ ልጁ ማድሌን ጋር ገባ። እዚያ ሁለት ወጣቶች ይጠይቁት ጀመር፤ ኦንሪ ላንግልዋና ዦርዥ ፍራንዡ። የድሮ ፊልም ከየቆሻሻው እየሰበሰቡ ነበር። በጡረታ ቤቱ ግቢ ባዶ የነበረ ቤት ተከራይተው ስብስባቸውን አስገቡ፤ ቁልፉን ለሜልየስ ሰጡት። ያ ስብስብ በኋላ የፈረንሳይ ሲኒማቴክ ሆነ። የራሱን ያቃጠለው ሰው የሌሎችን ፊልም ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ጃንዋሪ 21 ቀን 1938 በ76 ዓመቱ አረፈ።

የመስታወቱ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረሰ። ከ520ው ፊልም ዛሬ 200 ያህሉ ይገኛል፤ የተረፈውም ሸጦት በነበረው፣ ሰው ሰርቆት በነበረው፣ ወደ ወንድሙ ልኮት በነበረው ነው። በ1993 ባርሴሎና ውስጥ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ለፊልም ቤቱ ካስረከባቸው ጣሳዎች በአንዱ ውስጥ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ተገኘ፤ ባለ ቀለሙ ቅጂ፣ የዚያች ስም የለሽ የብሩሽ ሠራተኛ እጅ ያረፈበት። ፊልሙ ግን ተጣብቆ እንደ እንጨት ደርቋል። ከ13 ሺህ የሚበልጡትን ሥዕሎች በመድኃኒት እንፋሎት እያለሰለሱ፣ አንድ በአንድ እየላጡ ፎቶ አነሷቸው፤ የጎደለውን ከጥቁርና ነጩ ሞሉት። በሜይ 2011 ካን ላይ ጨረቃዋ በቀለሟ ታየች።

ልጁ ያሳየን ይኸው ነበር። ዝናቡ አባርቶ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው ውኃ ሲንጠባጠብ ሰዎቹ ላስቲክ ሊገፉ ተነሱ። እናትየው ግን ከስልኩ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ቆይ እስቲ» አሉ፣ «ያን ጥይት ከዓይኗ አያወጡላትም እንዴ?»